ጎማ ከተቀየረ ወዲህ መኪናው ጠባዩ ተለወጠ? የባለ ሁለት ዲፍረንሻል መኪና ችግርና መፍትሄ

ክረምት ላይ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ገጠር የገባ ሰው ባለ ሁለት ዲፍረንሻል (ሞተሩ የፊቱንም የኋላውንም ጎማ የሚነዳለት) መኪና ለምን እንደሚፈለግ ያውቀዋል። ራቭ ፎርና ግራንድ ቪታራ ጭቃ ላይ ይታመናሉ። ጎማ ሲቀየርላቸው ግን ፊት ጎማ ብቻ እንደሚጎትተው ቪትዝ አይደሉም። ቪትዝ ላይ ፊት ሁለት አዲስ ጎማ አስገብቶ ጉዞ መቀጠል ይቻላል። እነዚህ ላይ ያው ልማድ ከጎማው ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ ዕቃ ያቃጥላል።

ጎማ ቤት ስንሄድ «ጋሼ፣ ይገባል፣ ችግር የለውም» እንባላለን። ቸርኬው ላይ መግባቱ እውነት ነው። መጠየቅ ያለበት ግን አራቱ እኩል ይንከባለላሉ ወይ የሚለው ነው።

ምልክት፦ ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር ይያዛል፣ ከኋላ ያጉረመርማል

መሪውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ስትነዱ መኪናው ፍሬን እንደያዘ ይከብዳል። ከኋላ ዝላይ ወይም ጉርምርምታ ይሰማል። ረጅም አስፋልት ከተነዳ በኋላ የኋላ ዲፍረንሻል አካባቢ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። አንዳንዱ ላይ የፎር ዊል መብራት ይበራል።

ጎማውን ከመክሰሳችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። መኪናው ሃይሉክስ ወይም ጂምኒ ከሆነ ምናልባት ፎር ኤች (አራቱም ጎማ አንድ ላይ የሚጎትቱበት) ላይ እንዳለ ደረቅ አስፋልት ላይ እየተነዳ ይሆናል። ወደ ቱ ኤች (ሁለት ጎማ ብቻ ወደሚጎትቱበት) መልሱት። ግራንድ ቪታራና ራቭ ፎር ላይ ደግሞ ሎክ (ፊትና ኋላን የሚያቆላልፈው) ገብቶ እንደሆነ እዩ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ምክንያቱ የፊትና የኋላ ጎማ ዙሪያ መለያየቱ ነው። ጎኑ ላይ 225/65 አር 17 የሚል ጎማ አዲስ ሲሆን ከፍታው ወደ 724 ሚሊሜትር ነው። የአዲስ ጎማ ጥርስ 8 ሚሊሜትር ያህል ነው እንበል። ኋላ የቀረው ጎማ ተበልቶ 3 ሚሊሜትር ጥርስ ካለው ከፍታው በ10 ሚሊሜትር ያንሳል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያ ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 6 ዙር ያህል ተጨማሪ ይሽከረከራል። በ100 ኪሎ ሜትር ከ600 ዙር በላይ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀሪውን እናንተው አስሉት።

በፈረንጆች ከ2006 ጀምሮ የተሠራው፣ ሃይብሪድ ያልሆነው ራቭ ፎር ፊትና ኋላን የሚያገናኘው በኮምፒውተር በሚታዘዝ ክላች ነው። ኮምፒውተሩ የዙር ልዩነት ሲያይ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ ይመስለዋል። ስለዚህ ክላቹን ይይዛል። አስፋልቱ ደግሞ ጎማው እንዲንሸራተት አይፈቅድለትም፤ ትግሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የቀድሞው፣ የፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ራቭ ፎር፣ ውስጡ ሲሊኮን ዘይት ያለበት መገናኛ አለው። እሱም በማያቋርጥ ልዩነት ይግላል፣ በመጨረሻ ይበላሻል።

መፍትሄው ልኬት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። የአራቱም ጎማ ንፋስ እኩል ይሁን። ጎማው ወልቆ ከሆነ በጥርሱ መሀል ዙሪያውን ጠቅልላችሁ ለኩ። ካልወለቀ ጎማውና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ መኪናውን ቀጥ አድርጋችሁ 5 ዙር ግፉት፣ የሄደበትን ርቀት ለኩና ለ5 አካፍሉ። ሁለት ጎማ ላይ የጥርስ ልዩነቱ ከ2 ሚሊሜትር ሲያልፍ እኔ አልቀበለውም። በዙሪያ ሲለካ ወደ 12 ሚሊሜትር ይሆናል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከዚህ የጠበቀ ልክ ካዘዘ እሱን ተከተሉ።

ብር ከጠበበ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ከሁለት አዲስና ከሁለት አሮጌ ይልቅ አራት አንድ ዓይነት፣ እኩል የተበሉ፣ ዕድሜያቸው ያልገፋ ያገለገሉ ጎማዎች ይሻላሉ። መለኪያው ስምም ዋጋም አይደለም። አንድ ጎማ ብቻ ተቀዶባችሁ ከሆነ እንደ ሦስቱ የተበላ አንድ ፈልጉ። የጎማውን ዕድሜ ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ይናገራሉ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

ቁጥሩ ቢለያይም «ሁለቱም የራቭ ፎር ነው» የሚባል ነገርም አለ። እውነት ነው፣ 215/70 አር 16ም 225/65 አር 17ም ከፋብሪካ የወጣባቸው ራቭ ፎሮች አሉ። የመጀመሪያው ከፍታ 707 ሚሊሜትር ገደማ፣ የሁለተኛው 724 ነው። መኪናው አራቱንም በአንዱ ወይም አራቱንም በሌላው ይቀበላል። ፊት አንዱን ኋላ ሌላውን ግን አይችልም።

ምልክት፦ ስኮርታ ከተገጠመ በኋላ መብራት ይበራል

ብዙ ሰው ስኮርታውን ከተገዛ ጀምሮ አያወርደውም። አራቱ ሲበሉ እሱ አዲስ ሆኖ ይቀመጣል። ደጀን ላይ ጎማ ሲፈነዳ ከፍ ያለው ስኮርታ ይገባና መኪናው ይደናገራል። እስከ ቅርቡ ጎሚስታ በዝግታ ንዱ፣ ሎክ አታስገቡ። ዘላቂው መፍትሄ ስኮርታው እንደ አራቱ ሙሉ መጠን ካለው አምስቱንም በ8,000 ወይም በ10,000 ኪሎ ሜትር ቦታ ማለዋወጥ ነው። ኮረንኮች የሚበዛበት ሰው ቀደም ይበል፤ የፊት ጎማ ቶሎ ይበላል።

ምልክት፦ መሪው ሲዞር ወይም ጉድጓድ ሲመታ ጎማው ይፋተጋል

እዚህ ጥፋቱ የስፋት ወይም የቸርኬ ነው። ቸርኬው ወደ ውጭ ከወጣ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል፣ ወደ ውስጥ ከገባ ሞላውን። የቸርኬው ውስጥ ላይ ኢቲ ከሚሉ ፊደላት ጋር የተጻፈውን ቁጥር ከኦርጂናሉ ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። ለጭቃ ብላችሁ ሰፊ ጎማ የገዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዋልካ ላይ የሚረዳው ስፋት ሳይሆን ጥርሱ ጭቃውን እየጣለ መሄዱ ነው። ባለ 18 ቸርኬና ስስ ጎማም ለኛ መንገድ አልመክርም። ጉድጓድ ሲመታ ጎማው አይከላከልለትም፣ ቸርኬው ይጣመማል።

ምልክት፦ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ መሪው ይንቀጠቀጣል

ባላንስ አሠሩ። ካልጠፋ የቸርኬውን መሀል ቀዳዳ እዩ። የሀዩንዳይ ቱሳን ቸርኬ ራቭ ፎር ላይ በቡሎን ይገጥማል፤ ሁለቱም 5 ቡሎን በ114.3 ሚሊሜትር ክብ ላይ ናቸው። የመሀል ቀዳዳው ግን የቱሳን 67.1፣ የራቭ ፎር 60.1 ነው። ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት መሀል) ላይ ሳይሆን ቡሎን ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። በልኩ የተሠራ ቀለበት ይገባበታል ወይም ቸርኬው ይቀየራል።

ዳዶውም ይታይ። ብዙ የቶዮታ ኦርጂናል አሎይ ቸርኬዎች ሮንዴላ ያለው ጠፍጣፋ ዳዶ ይፈልጋሉ፤ ከገበያ የሚገዙት ደግሞ ሾጣጣ። የግራንድ ቪታራ ዳዶ ክሩ ቀጭን ነው፣ ከቶዮታ ጋር አይለዋወጥም። በግድ ገብቶ የጠበቀ ቢመስልም ክሩን በልቶ ነው።

ምልክት፦ ዳገት ላይ ደከመ፣ ጎማው ቶሎ ይግላል

ከፍ ያለ ጎማ ማርሹን ያረዝመዋል። ስለዚህ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ሞተሩ ይጨነቃል። የፍጥነት ቆጣሪውም ያንሳል። 235/65 አር 17 ካስገባችሁ ቆጣሪው 100 ሲል እውነተኛው 102 ገደማ ነው። ሙቀቱ ግን ብዙ ጊዜ ከጭነት ነው። ጎኑ ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ 102 የሚል ጎማ 850 ኪሎ ይሸከማል፣ 94 የሚለው 670። ጤፍ ጭናችሁ የምትመላለሱ ከኦርጂናሉ ዝቅ ያለ ቁጥር አትግዙ።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ልኩ የሹፌሩ በር አጠገብ ተጽፏል። በደብረ ማርቆስ ብርድ በልኩ የተነፋ ጎማ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ በረሃው ሲደርስ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይጨምራል። ይህ ጤነኛ ነው። ወንዙ ጋ ቆማችሁ አታስተንፍሱት። ደጋ ሲመለስ ያጥርበታል፣ ያጠረው ጎማም ዙሪያው ይቀንሳል።

አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ነክቶ በመስቀልኛ አጥብቁ፤ ለራቭ ፎር ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና ፈትሹ።