አድቫንስድ ማኔጅመንት አካውንቲንግ እንዴት ይጠናል?

የፋይናንስ ሪፖርት በአዋጅ ቁጥር 847/2006 እና በአይ ኤፍ አር ኤስ (በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ) ደረጃዎች የሚመራ በመሆኑ፣ ደንቡን ያወቀ ተማሪ ከመልሱ ብዙም አይርቅም። ማኔጅመንት አካውንቲንግ ግን ለድርጅቱ ኃላፊዎች ውሳኔ የሚዘጋጅ እንጂ ለውጭ ሰው የሚቀርብ ስላልሆነ፣ ሕግ የደነገገለት ቅጽ የለውም። ስለዚህ በሽምደዳ አይገፋም፤ ይህን የተረዳሁት በማታው መርሐ ግብር ስማር የመጀመሪያውን ሚድ (የወሰነ ትምህርት አጋማሽ ፈተና) ከወደቅሁ በኋላ ነው።

በቅድሚያ የኮስት አካውንቲንግ ደብተርን መከለስ ያስፈልጋል። ቋሚ ወጪን (የምርት መጠን ቢለዋወጥም የማይለወጠውን) ከተለዋዋጭ ወጪ (ከምርቱ መጠን ጋር ከሚጨምርና ከሚቀንሰው) ሳያመነታ መለየት ያልቻለ ሰው ወደ ፊት ባይሄድ ይሻለዋል።

ቀጥሎ በስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የድሮ ፈተናዎችን ማሰባሰብ ነው። መልስ ተሠርቶላቸው የሚሸጡትን ግን አልመክርም፤ እኔ የገዛሁት የመደመር ስሕተት ነበረበት፣ ስሕተቱንም ጭምር ሸምድጄዋለሁ። ለብቻ ለማንበብ አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ምቹ ነው፤ የቡድን ጥናት ክርክር ስለሚበዛበት ሌላ ቦታ ይፈለግለት።

ዋናው ጣጣ ትራንስፈር ፕራይሲንግ ነው፤ ይኸውም የአንድ ድርጅት አንዱ ክፍል ለሌላው ክፍል ሲሸጥ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ፣ ወደ ስሌት ከመግባት በፊት በሁለት መስመር አማርኛ ዳር ላይ መጻፉ ከፎርሙላው ይልቅ ጠቅሞኛል።

ለልምምድ ያህል፣ አንድ ድርጅት የዱቄት ፋብሪካና ዳቦ ቤት አለው እንበል። ፋብሪካው በወር 10,000 ኩንታል ማምረት ሲችል፣ የውጭ ገበያው፣ ማለትም ከድርጅቱ ውጭ ያሉ ደንበኞች፣ የሚወስዱለት 8,000 ኩንታል ብቻ ነው። የአንዱ ኩንታል ተለዋዋጭ ወጪ 4,000 ብር፣ የውጭ መሸጫው ደግሞ 5,000 ብር ነው። ዳቦ ቤቱ 3,000 ኩንታል ይፈልጋል፤ ከሌላ አቅራቢም በ4,700 ብር ማግኘት ይችላል።

እኔ በፈተናው ላይ የገበያ ዋጋ እስካለ ድረስ ሌላ ምን ያስፈልጋል ብዬ 5,000 ብር ጻፍሁ። በዚህ ዋጋ ግን ዳቦ ቤቱ ሁሉንም ከውጭ ስለሚገዛ የፋብሪካው የ2,000 ኩንታል ትርፍ አቅም ሥራ ፈትቶ ይቀራል። ፋብሪካው ሳይጎዳ ሊቀበለው የሚችለው ዝቅተኛ ዋጋ፣ ተለዋዋጭ ወጪው ሲደመር የታለፈው ጥቅም፣ ማለትም ኦፖርቹኒቲ ኮስቱ ነው። የመጀመሪያው 2,000 ኩንታል የሚያስቀረው ደንበኛ ስለሌለ 4,000 ብር ይበቃዋል። የቀረው 1,000 ኩንታል ግን ከውጭ ደንበኛ ተቀንሶ ስለሚሰጥ፣ የሚታጣው የ1,000 ብር ትርፍ ተጨምሮበት 5,000 ብር ይሆናል።

ጎበዝ የሚባለው ተማሪም የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ደምሮ ሲያካፍል በአማካይ 4,333 ብር ገደማ ያገኛል፤ ይህም ከ4,700 ብር ስለሚያንስ 3,000ው በሙሉ ከፋብሪካው ይወሰድ ብሎ ይወስናል፣ ድርጅቱንም ከሚታጣው ትርፍ ጋር 13,000,000 ብር ያስወጣዋል። ነገር ግን 2,000ውን ከፋብሪካው፣ 1,000ውን ከውጭ ቢገዛ ወጪው 12,700,000 ብር ይሆን ነበር። አማካዩ 300,000 ብር ደብቋል። ለ2,000ው ኩንታል በ4,000 እና በ4,700 ብር መካከል ያለ ማንኛውም ዋጋ ሁለቱንም ክፍሎች ያስማማል።

ኤክሴልን የምቃወመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አማካዩን ያለ ጥያቄ ያወጣዋልና፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በእጅ ሳይሠራ ኮምፒውተር መክፈት አይገባም። ባላንስድ ስኮርካርድን፣ ማለትም የድርጅትን አፈጻጸም በገንዘብ፣ በደንበኛ፣ በውስጥ አሠራር እና በመማርና ዕድገት ዕይታ የሚለካውን መሣሪያ በተመለከተ፣ ካፕላንና ኖርተን በ1992 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁትን አራት ዕይታዎች ከአንድ ከሚያውቁት መሥሪያ ቤት ጋር አዛምዶ ማንበብ ይበቃል።

በፈተናው ዕለት አስቀድሞ የሚፈለገው የአቅም ቁጥር ነው። አንዳንዴ በጥያቄው የመጨረሻ መስመር ላይ፣ ያውም በኩንታል ሳይሆን በማሽን ሰዓት ስለሚሰጥ፣ ሌላ ስሌት ከመጀመሩ በፊት ወደ ኩንታል መለወጥ አለበት።