ያገባነውና የገባብን፦ የቤት ገንዘብን በአንድ ደብተር

የቤት ወጪ መመዝገብ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩ አልቆጠርኩትም። የሽንኩርቱን፣ የታክሲውን፣ የሞባይል ካርዱን እያልኩ እጽፋለሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ግማሹን እረሳለሁ፣ በሦስተኛው ደብተሩ ራሱ የት እንደገባ አይታወቅም። አሁን የያዝኩት ግን ዓመት ከምናምን ሆኖታል። ሚስጥሩ ሁሉንም አለመጻፌ ነው። በሳምንት ሁለት ነገር ብቻ እጽፋለሁ፤ አንድ ያተረፍንበትን፣ አንድ የከሰርንበትን። ባለቤቴ ኳስ ስለሚወድ ስሙን እሱ አወጣለት፦ "ያገባነው" እና "የገባብን"።

አሠራሩ ቀላል ነው። ደብተር ያዙ። አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ የእኛው የልጄ ያላለቀ የሂሳብ ደብተር ነው፣ የፊት ገጾቹ ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ አለ። ገጹን መሃል ለመሃል እጠፉት። ግራው ያገባነው፣ ቀኙ የገባብን። እሁድ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ አሥር ደቂቃ ይበቃል። እያንዳንዱ መስመር ላይ አራት ነገር ይኑር፦ ምን፣ ስንት ብር፣ ምን ያህል፣ ለምን። "ምን ያህል" ስል ኪሎውን፣ ሊትሩን፣ የቆየበትን ቀን ማለቴ ነው።

እሷን አትዝለሏት። እኔ መጀመሪያ ብሩን ብቻ ነበር የምጽፈው፣ ብር ብቻ ሲሆን ግን ደብተሩ ቶሎ ያረጃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ ወዲህ የአምናን ዋጋ ከዘንድሮ ጋር ማስተያየት ራስ ምታት ነው። "ዘይት ጨመረብን" ብሎ መጻፍ ምንም አያስተምርም፣ የማይጨምር ነገር የለም። "አምስት ሊትር ዘይት 24 ቀን ቆየ፣ ያለፈው 31 ቀን ቆይቶ ነበር" ግን ጥያቄ ያስነሳል። ሰባት ቀኑ የት ሄደ? (የእኛ ቤት የሄደው በድንች ጥብስ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ራሳቸው መጥበስ ጀምረው ነበር።)

ግራው ላይ ምን ይጻፋል? መጀመሪያ የማይጻፈውን ልንገራችሁ። ቅናሽ ጎል አይደለም። ልንገዛው ያላሰብነውን ዕቃ በግማሽ ዋጋ ስንገዛ ግማሹን ዋጋ አወጣን እንጂ ምንም አላተረፍንም። መርካቶ ሄጄ ሦስት ብርድ ልብስ በጅምላ ዋጋ ይዤ የመጣሁ ቀን፣ ደስ ብሎኝ ልጽፍ እስክሪብቶ ሳነሳ ባለቤቴ "ኦፍሳይድ!" አለ። ተናደድኩ። ግን ኦፍሳይድ ነበር፤ ሁለቱ እስካሁን ከነላስቲካቸው ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል።

ጎል የሚባለው የምንፈልገውን ነገር ባነሰ ወጪ ስናገኝ ወይም ሊወጣ የነበረ ብር ሳይወጣ ሲቀር ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። በረንዳ ላይ የተከማቸውን ጄሪካንና የተሰበረ ወንበር ለቆራሌው መሸጥ ጎል ነው። የተረፈ እንጀራ ሻግቶ ከመጣል ድርቆሽ ሆኖ ሲበላ ጎል ነው። ለበዓል ከጎረቤት ጋር ቅርጫ መግባትም እንዲሁ፣ ሥጋውን የምታስቀምጡበት ካላችሁ።

እስቲ ደግሞ የምጣዱን ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ሳላየው የማላምነው ነገር ስለነበረ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲበራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው፤ የመጀመሪያው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ ቀጣዩ እስከ 100፣ እያለ ወደ ላይ ሲሄድ የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል። አንድ ቅዳሜ ከመጋገሬ በፊት ቆጣሪውን አየሁ፣ ጨርሼ አየሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጅቶብኛል፣ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ሄዷል። ግማሽ ሰዓት ያህሉ ደግሞ ጋገራ አልነበረም። ሊጡ ገና ኩፍ ሳይል ምጣዱን ለኩሼ፣ ማሰሻዬን እየፈለግሁ፣ ስልክ እያነሳሁ፣ ባዶውን ሲግል ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱና ማዝጊያው አጠገቤ ሆኖ ነው ያበራሁት። ሦስት እንጀራ ሲቀረኝ አጠፋሁት፣ በግለቱ ጨረሰልኝ። የመጨረሻዋ ትንሽ ነጣ አለች እንጂ ዓይኗ ጥሩ ነበር። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። 6 ኪሎዋት ሰዓት እንኳን አልሞላም። እናቶቻችን ይህን ያለ ቆጣሪ ያውቁታል፣ እኔ ግን ቁጥሩን ጽፌ እስካይ ድረስ ምክራቸው በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር።

ትልቋ ጎል ግን ጤፍ ናት። ጤፍ ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ገበያ በብዛት የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ የሚወደደው አብዛኛውን ጊዜ ክረምት ላይ፣ የገበሬው ጎተራ ሲሳሳ ነው። እህሉን ደግሞ እንደ ስንዴና በቆሎ ነቀዝ አያስቸግረውም። ደረቅ ቦታ ካገኘ ይቆያል። ዱቄቱ ግን አይደለም፣ ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አታስፈጩ፤ ለወር የሚበቃችሁን ብቻ። ኩንታሉን ለብቻ መግዛት ከከበዳችሁ ሦስት ጎረቤት ሆናችሁ ተካፈሉት፣ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ከመክፈላችሁ በፊት ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከታችም አስወጥታችሁ እፍኝ ያህሉን ነጭ ወረቀት ላይ በትኑት። አፈር ካለው ያኔ ይታያል። አንድ ዓመት ይህን ሳናደርግ ቀርተን ቀኙ ገጽ ላይ ገብታለች።

ወደ ቀኙ ገጽ እንሂድ፣ እሱ ነው የሚከብደው።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፍሪጃችን "ጢቅ" አለና ዝም አለ። ጠጋኙ መጥቶ ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል አለን። 9,200 ብር። እሁድ ማታ "ፍሪጅ ተቃጠለ፣ 9,200፣ በመብራት ምክንያት" ብዬ ጻፍኩና ደብተሩን ዘጋሁ። ባለቤቴ መልሶ ከፈተው። "ስታቢላይዘር ነበረን አይደል?" አለኝ። ነበረን። ከሁለት ወር በፊት ነቅዬ ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼዋለሁ፣ ለአንድ የኳስ ጨዋታ ብለን፣ ከዚያ በዚያው ረሳሁት። እናም "በመብራት ምክንያት" የሚለውን ሰርዤ "ስታቢላይዘሩ ተነቅሎ" ብዬ ጻፍኩ። ልዩነቱ ገባችሁ? መብራት እንዳይጠፋ ማድረግ አልችልም። ስታቢላይዘር መሰካት እችላለሁ። "ለምን" የሚለው ቦታ ላይ እጃችሁ የሚደርስበትን ምክንያት ፈልጉ። በእርግጥ የማይገኝበት ጊዜ አለ፣ ሰው ይታመማል፣ ለቅሶ ይመጣል፤ ያኔ "ዱብ ዕዳ" ብላችሁ እለፉት፣ ራሳችሁን አትውቀሱ።

ግን ዱብ ዕዳ የምንለው አብዛኛው ዱብ ዕዳ አይደለም። ካላንደር ላይ ያለ ነው። ደሞዝ በዓመት 12 ጊዜ ይገባል፣ እኛ የምንበላው ግን 13 ወር ነው። የነሐሴ ደሞዝ ነሐሴን አልፎ ጳጉሜን ተሸክሞ እስከ መስከረም መጨረሻ መድረስ አለበት። መንገድ ላይ ደግሞ እንቁጣጣሽ አለ፣ ዶሮና በግ አለ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ከዚያ መስቀል። ይህ ሁሉ በየዓመቱ በዚያው ቀን ይመጣል፣ እኛም በየዓመቱ "ምን ጉድ ነው የመጣብን" እንላለን። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ወራቱን ዘርዝሩና ከየወሩ ጎን የሚታወቀውን ትልቅ ወጪ ጻፉ፤ ገና፣ ፋሲካ፣ የዓመት ክፍያ ያለባቸው ነገሮች፣ የእድሩ መዋጮ። ረመዳንና ኢድ የምታከብሩ ከሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ገጹን በየዓመቱ አስተካክሉት። ድምሩን ለ12 አካፍሉትና ደሞዝ በገባበት ቀን ያንን ያህል ወደ ሌላ ሒሳብ አዙሩ። ሙሉውን ባትችሉ ግማሹን። እኛም የመጀመሪያው ዓመት ሲሶውን እንኳን አልሞላንም።

እቁብ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ግራና ቀኙን ያምታታል። 12 ሆነን በወር 4,000 ብር የምንጥልበት እቁብ ነበረኝ። ሁለተኛው ወር ላይ እጣው ወጣልኝ። 48,000 ብር! እልል ብዬ ግራው ላይ ጻፍኩ። ሶፋ ቀየርኩ፣ የቀረውን ምን እንዳደረግሁት ዛሬም አላውቅም። ከዚያ አሥር ወር ሙሉ በየወሩ 4,000 እየጣልኩ፣ መስከረም ሲደርስ ለልጆቹ ክፍያ ከእህቴ ተበደርኩ። ቀድሞ የወጣ እቁብ ብድር ነው እኮ፣ ወለድ የሌለው ብድር። መጨረሻ የወጣ ደግሞ ቁጠባ ነው፣ ያውም እጣው እስኪደርስ ድረስ ብዙ ነገር ይወደድበታል። ሁለቱም ክፋት የላቸውም፣ ግን ከመግባታችሁ በፊት ብሩ ለምን እንደሆነ ጻፉ። ካሰባችሁበት ጊዜ በጣም ቀድሞ ከወጣ እጣውን ከቸገረው ሰው ጋር መለዋወጥ ትችላላችሁ፣ ዳኛው ካወቀና ዋሱ ከተስማማ ማንም አይከለክላችሁም።

አንዳንዱ ጎል ደግሞ ሳናየው ያልፋል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የደሞዝ ግብር ተቀንሷል፤ ግብር የማይነካው መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ከፍ ብሏል። የ10,000 ብር ደሞዝተኛ በወር 395 ብር ይተርፈዋል ማለት ነው። ባለቤቴን ጠየቅኩት፦ "ያ ብር የት አለ?" እሱም አያውቅም። በሚቀጥለው ወር ደሞዝ የገባ ቀን ልዩነቷን ወደዚያ የመስከረም ሒሳብ ላክናት። ደሞዝ ሲጨመር፣ አንድ ዕዳ ሲያልቅ፣ ልጅ ሞግዚት የማያስፈልገው ዕድሜ ሲደርስ እንዲሁ አድርጉ፣ በመጀመሪያው ወር ካልያዛችኋት አታገኟትም።

ሦስት ወር ሲሞላ ቀይ እስክሪብቶ ያዙና የቀኙን ገጽ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። የሚደጋገመውን አክብቡ። እኔ ትልልቁን ነበር የምጠብቀው። ከ13 ሳምንት ውስጥ ዘጠኙ ላይ የተገኘው ግን "ሱቅ" የሚል ቃል ነው። ልጅ ይላካል፣ ሩብ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ መልሱም ብስኩት ሆኖ ይመጣል። ሲቸግር ደግሞ በዱቤ። ባለሱቁን አልወቅሰውም፤ የወር መጨረሻ ላይ የሚደርስልን እሱ ነው፣ ጨርሼም አልተውኩትም። ያደረግነው፣ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙናን የደሞዝ ሰሞን ከሸማቾች ማኅበር ወይም ከእሁድ ገበያ የወር አድርገን መግዛት ነው። ዱቤውን በየሳምንቱ እንዘጋለን፣ እሱ ሲጽፍ እኛም እንጽፋለን። ስልክ ላይ ያለችውን ፈጣን ብድርም በዚሁ ዓይን እዩዋት፤ ክፍያዋ ለአንድ ጊዜ ምንም አይደለችም፣ በወር ስንቴ እንደወሰዳችሁ ስትቆጥሩ ነው የምትደነግጡት።

አንድ ሕግ ደግሞ አለን፦ ቀኙ ገጽ ላይ ስም አይጻፍም። "የገባብን" እንጂ "ያስገባችብን" አንልም። ይህን ሕግ ያወጣነው ልጄ "አባዬ በራይድ መጣ" ብላ ጽፋ አባቷ ከተቆጣ በኋላ ነው፣ እኔ ግን ከማንም በላይ ተጠቀምኩበት። አንድ ቀን ስልክ ተደውሎ "ሽልማት ደርሶዎታል" ተብዬ 1,500 ብር ላክሁ። አዎ፣ እኔ፣ ሰው ስመክር የምውል ሴትዮ። ሁለት እሁድ ደበቅሁት። በሦስተኛው ላይ "ስልክ፣ 1,500፣ ሳልጠይቅ ስለቸኮልኩ" ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ አነበበ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም። ቡናውን ደገመ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ የሚጠይቅ ስልክ ከመጣ ሁለታችንም ሳንነጋገር አንልክም።

መጻፉን ረስታችሁ ሦስት አራት ሳምንት ሊያልፍ ይችላል፣ እኛን በፍልሰታ ሰሞን እንደዚያ አጋጥሞናል። ወደኋላ ተመልሳችሁ ለመሙላት አትሞክሩ፣ ከማስታወስ የሚጻፍ ቁጥር ውሸት ይበዛዋል። ገጹን ባዶ ተዉትና ከዚህ እሁድ ጀምሩ።