ሥራችሁ ከሰለቻችሁ ውጤቱ የሚደርሰውን ሰው ፈልጉ

«ሥራዬን አልወደውም፤ ምን እንደምወድም አላውቅም» የምትሉ ካላችሁ፣ መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት ይህችን ሞክሩ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ሄዳችሁ ልብስ ሰፊዎቹን እዩ። ጨርቅ የገዛችው ሴት እዚያው ቆማ ትጠብቃለች። ተሰፍቶ ሲያልቅ ዘርግታ ታየዋለች፣ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች፣ ፊቷ ፈካ ይላል። ሰፊው ይህን ቀኑን ሙሉ ያያል። ብዙዎቻችን ግን የሥራችንን መጨረሻ አናይም። ፋይሉን እንመራለን፣ ሂሳቡን እንዘጋለን፣ በቃ። ልብ የሚያደርቀው በአብዛኛው ይሄ ይመስለኛል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሥራችሁ የሚደርሰውን አንድ ሰው አግኙ። ድሬዳዋ ከዚራ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ደመወዝ የምትሠሩ ከሆነ፣ የጥበቃውን አባባ «ደመወዝ አንድ ቀን ሲዘገይ ቤት ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መጋዘን ከሆናችሁ፣ ዕቃውን ከሚረከበው ባለሱቅ ጋር ሳቢያን ሰፈር ሻይ ጠጡ።

ኤሚ ሬዝኔስኪና ጄን ደተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ጽፈው ነበር። ሥራው ያው ሆኖ፣ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ከአስታማሚዎች ይቆጥሩ ነበር። ከበሽተኛው ጋር ያወራሉ፣ የሚያስፈልገውንም ያያሉ። ሥራቸውን የሚወዱትም እነዚህ ነበሩ።

የደመወዝ ማነስን ይህ አይፈታም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ካያችሁት ውስጥ ልባችሁን የነካውን ማስታወሻ ላይ ጻፉት። ከዚያ አለቃችሁን «ይሄኛውን ሥራ ትንሽ ጨምሩልኝ» በሏቸው።