ለሰርተፍኬት ፈተና ከመክፈላችሁ በፊት

ዲግሪ ሳይኖራችሁ አይቲ ውስጥ ለመግባት ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ልትሠሩት የምትፈልጉትን ሥራ የሚመለከቱ ሃያ ያህል የቅጥር ማስታወቂያዎች ፈልጉ። የሚጠሩትን ሰርተፍኬት እያንዳንዱን ቁጠሩ። ደጋግሞ የመጣው የእናንተ ነው፤ የጓደኛችሁን ምርጫ ተዉት።

ልባችሁ ኮምፒውተር ጥገናና የተጠቃሚ ድጋፍ ላይ ከሆነ ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ አለ። ፈተናው ግን ሁለት ነው፣ ስትቆጥቡ የሁለቱን ቆጥቡ። ኔትወርክ ከሆነ የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ የሲስኮ ሰርተፍኬት ሲሲኤንኤ በአንድ ፈተና ያልቃል። ሁለቱም ዲግሪ አይጠይቁም። ሁለቱም ካልታደሱ በ3 ዓመት ጊዜያቸው ያልፋል፤ ስለዚህ እንደ ቴምብር አትሰብስቧቸው። የመረጃ ደህንነት ሰርተፍኬት የሆነውን ሲአይኤስኤስፒን ለጊዜው እርሱት። ስሙ ያጓጓል፣ ግን የ5 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል።

ዋናው እጅን ማፍታታት ነው። ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራው የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር በነፃ ይገኛል። እዚያ ላይ ሁለት ራውተር (ኔትወርኮችን የሚያገናኝ መሣሪያ) አገናኙ፤ ከዚያ ሆን ብላችሁ የአንዱን አይፒ አድራሻ (የኔትወርክ መለያ ቁጥሩን) አበላሹና ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም ሌላው መልስ ይሰጥ እንደሆነ ፈትሹ። ምን አያችሁ? ምን ሞከራችሁ? በምን ተፈታ? ጻፉት። እንዲህ ያለ አሥር ገጽ ማስታወሻ ካላችሁ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ “ልምድ አለህ?” ሲባል የምትናገሩት አታጡም።

የተሰረቀ የፈተና ጥያቄ ሸምድዶ መግባትም አለ፣ ይቅርባችሁ። ከተነቃ ሰርተፍኬቱ ይሰረዛል። ባይነቃም ጠያቂው “እስቲ ሰብኔት ማስክን አስረዳኝ” (ከአይፒ አድራሻ ውስጥ የኔትወርኩን ክፍል የሚለየው ቁጥር ነው) ሲል ዓይን ማፍጠጥ ይመጣል።