«ቴሌ ዘግቶታል» ሲሏችሁ ፓስወርድ አትላኩ

ውጭ አገር ሆናችሁ በዘመድ የምታስተዳድሩት ሱቅ ወይም የሚከራይ ቤት ኢሜይል አዲስ አበባ ላይ አልከፍት ሲል ከዘመዳችሁ የሚመጣው መልእክት ያው ነው፦ «ቴሌ ዘግቶታል፣ ፓስወርዱን ላኩልኝና እዚሁ ላስተካክለው።» መጀመሪያ የዘጋው ማን እንደሆነ ይለይ።

ሌላ ድረ ገጽም የማይከፈት ከሆነ ፓኬጅ አልቋል ወይም መስመር ተቋርጧል። የማይከፈተው የእናንተ ኢሜይል ብቻ ከሆነ እዚያው ስልክ ላይ ከዋይፋይ ወደ ዳታ፣ ቢቻል ከኢትዮ ቴሌኮም ሲም ወደ ሳፋሪኮም ይቀየር። በአንዱ ተከፍቶ በሌላው እምቢ ካለ አንዱ መስመር ላይ ተዘግቷል፤ ማን ዘጋው በሚለው ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል በሚያሳልፍ አፕ) ስለተከፈተ ብቻ «ቴሌ ነው» አይባልም። ቪፒኤን አይፒውንም (የመስመሩን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ስለሚቀይር፣ የዘጋው ጀርመን ወይም አሜሪካ ያለው፣ ኢሜይላችሁ የሚቀመጥበት የራሳችሁ ሰርቨር ቢሆንም ገጹ ይመጣል። ሰርቨሩ የተሳሳተ ፓስወርድ የተደጋገመበትን አይፒ ይዘጋል፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ስልክ በድሮው ፓስወርድ በየጊዜው ሲሞክር የሱቁን ዋይፋይ በሙሉ ያስዘጋል። በሞባይል ዳታ ደግሞ ብዙ ደንበኛ አንድ አይፒ ስለሚጋራ የማታውቁት ሰው ጥፋት እናንተ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ዘመዳችሁ ቪፒኤኑን አጥፍቶ፣ ጉግል ላይ «ዋት ኢዝ ማይ አይፒ» ብሎ የሚያገኘውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ቁጥሩን ለሆስቲንግ ድርጅታችሁ (ሰርቨሩን ለሚያከራያችሁ) ስጡና ፋየርዎሉ፣ ማለትም የሰርቨሩ ጠባቂ ፕሮግራም፣ ከዘጋቸው ውስጥ እንዳለ አስፈትሹ። ካለ ያስወጡታል። አሮጌው ስልክ ካልተስተካከለ ግን ተመልሶ ይዘጋል።

መልእክት እየገባ መላክ ብቻ ካቃተ የኢሜይል አፑ ሴቲንግ ውስጥ ፖርቱን (መልእክቱ የሚያልፍበትን በር ቁጥር) እዩ። ፖርት 25ን ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አይፈለጌ መልእክት ለመከላከል ይዘጉታል፤ ለመላኪያ 587 በስታርትቲኤልኤስ ወይም 465 በኤስኤስኤል፣ ለመቀበያ 993 አድርጉ። «አድራሻው አልተገኘም» ካለ አንድሮይዱ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» በሚለው ቦታ «ዋን» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል አራት ጊዜ፣ በነጥብ እየለየ ይጻፍ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት እንደተዘጉት ዓይነት መዝጋት ሲሆን ቪፒኤን ይሠራል። በዚያው ዓመት ከነሐሴ ጀምሮ በአማራ ክልል እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሲቆረጥ ግን በሞባይል ዳታ ማንኛውም ማስተካከያ ከንቱ ነው። ያኔ መደበኛ ስልክ ጥሪ ብቻ።

ገንዘብ የሚያስበላው ግን ይሉኝታ ነው። «የእናቴ ልጅ ነው፣ ብከለክለው ምን ይለኛል» ተብሎ ፓስወርድ በቴሌግራም ይላካል። ከዚያ በኋላ የወንድማችሁ ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ ስልኩን እንዲያስተካክል የተሰጠው የሞባይል ቤት ልጅ ያየዋል፣ ቪፒኤን ነው ብሎ ያልታወቀ ኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን የአፕ ፋይል) የጫነለትም ሊያየው ይችላል። ያ የኢሜይል ሳጥን ውስጥ የፓስፖርታችሁ፣ የቤቱ ካርታና የውክልናው ስካን ተቀምጧል። ወንድሙ ራሱ የማይታመንበት ቤትም አለ፤ ይህን መናገር ነውር አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሳጥን ክፈቱለት፤ የገንዘብና የሰነዱን ሳጥን ለብቻችሁ ያዙ። ቢቀየማችሁ ይቀየም፤ በኋላ ፍርድ ቤት ከመገናኘት ይሻላል።

ፓስወርድ ሲጠፋ ኮድ የሚላክበት መመለሻ ስልክ ቁጥሩም በዘመዳችሁ ሲም ከተመዘገበ ፓስወርዱን መደበቃችሁ ዋጋ የለውም፤ ኮዱ የሚመጣው ሲሙን ለያዘው ነው። እናንተ ዘንድ ባለ ቁጥር ቀይሩት፤ አካውንቱ የጉግል ከሆነ ጉግል የሚሰጣችሁን 10 መጠባበቂያ ኮዶችም አትማችሁ አስቀምጡ።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ «ኢሜይሌ ተዘግቷል፣ በዚህ አዲስ አድራሻ ጻፉልኝ፤ የባንክ ሒሳቡም ተቀይሯል።» ከጠበቃው፣ ከአሠሪው ወይም ከአጎታችሁ የመጣ ይመስላል፤ መዘጋቱ እውነት በሆነበት ሳምንት ሲደርስ ደግሞ ማንም ያምነዋል። መልእክቱ ውስጥ ባለው ቁጥር አትደውሉ። በድሮው ቁጥር ደውላችሁ ድምፁን ስሙ፣ የሒሳቡን ቁጥርና የባለቤቱን ስም ራሱ ያንብብላችሁ፤ ስሙ ከምታውቁት ሰው ስም ከተለየ ሳንቲም አትላኩ። የሒሳብ ቁጥር በጽሑፍ ብቻ እንደማይቀየር ከዛሬው፣ ሁሉም ሰላም እያለ፣ ከሁሉም ጋር ተነጋገሩ።

ዶሜኑ፣ ማለትም የድረ ገጻችሁና የኢሜይላችሁ ስም፣ እንዲሁም ሆስቲንጉ በድረ ገጽ ሠሪው ስም ከተመዘገቡም በዚህ ወር ወደ ራሳችሁ ስም አዙሯቸው። የምትመዘገቡበት ኢሜይል ደግሞ በዚያው ዶሜን ላይ ያለው አይሁን፤ ዶሜኑ ሲዘጋ የማደሻ ማስታወቂያውም አብሮ ይጠፋል።