አሮጌ የጊዛ ምድጃ በነባር ማድ ቤት ውስጥ ሲተከል

ጊዛ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ እንዲህ ያለውን የማገዶ ምድጃ ሲተክሉ መጀመሪያ ጣሪያውን ይዩ። የምድጃው ቦታ የሚቆረጠው ጭሱ በየት በኩል ቀጥ ብሎ እንደሚወጣ ከታወቀ በኋላ ነው። ሊያቆሙበት ካሰቡት ቦታ አናት ላይ ቱንቢ ይጣሉ። ገመዱ ሞራሌ ወይም ወራጅ አጠገብ ካረፈ ምድጃውን ግማሽ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት እንጨት ከመቁረጥ ይቀላል። ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ ኮርኒስ ካለ ደግሞ ከምድጃውና ከጭስ ቱቦው በላይ ያለው በሙሉ ይነሣ፤ ለእሳት ከዚያ የቀረበ ነገር የለም።

ቀጥሎ ግድግዳው ነው። የጭቃ ግድግዳ አይቃጠልም የሚሉ አሉ። ላዩ ባይቃጠልም ውስጡ አጣናና ማገር፣ ልስኑም ጭድ ነው። ለዓመታት ሲጠበስ የኖረ እንጨት ደግሞ ከአዲሱ እንጨት ባነሰ ሙቀት ይያያዛል። ስለዚህ ከጭቃ ግድግዳ 90 ሴንቲ ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ቦታ ያለው ማድ ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ ላሜራ ማቆም የተሻለ መፍትሔ ነው። ላሜራው ግድግዳውን እንዳይነካ በብረት ቁራጭ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ከታችና ከላይም ክፍት ይሁን። ከኋላው አየር ሲመላለስ ርቀቱን ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ማውረድ ይቻላል። ላሜራውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ መምታት ግን ጥቅም የለውም፤ ሙቀቱን ተቀብሎ ለማገሩ ያስተላልፋል። እንደ መንዝ ባለ የድንጋይ ቤት ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ለጽዳት እጅ የሚያስገባ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

የጊዛ ምድጃ እንደ መጠኑ ከ150 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው አራት እግር ላይ ነው። የአፈር ወለል ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ድንጋይ ይደርደርበት፣ ጠጠር ይጠቅጠቅበት፣ ላዩ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ። ንጣፉ ከእሳቱ በር ፊት ለፊት 45፣ በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፤ ፍም የሚወድቀው እዚያ ነው። ሊሾ ላይ የሚቆም ከሆነ በየእግሩ ሥር ወፍራም የብረት ቁራጭ ያድርጉ፤ አለዚያ ስስ ሊሾ ይሰነጠቃል። ከዚያ በውሃ ልክ ይስተካከል። ዘመም ብሎ የቆመ ምድጃ ድስት ማንሸራተቱ ብቻ አይደለም፤ የምድጃው የብረት ሰሌዳዎች ስለሚወጣጠሩ መጋጠሚያው ይከፈታል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ምድጃውን በጨለማ ይፈትሹ። አምፖል ወይም ባትሪ እሳቱ ክፍል ውስጥ አብርተው በሮቹን ይዝጉ። በመጋጠሚያ በኩል የሚታይ ብርሃን በምርጊት ይደፈናል። በሰሌዳው መካከል የሚታይ የብርሃን መስመር ግን ስንጥቅ ነው። ላይኛው ሰሌዳ ላይ ከሆነ ሊታለፍ ይችላል፤ የእሳቱ ክፍል ጎን ወይም ጀርባ ላይ ከሆነ ይተዉት። «እናስበይደዋለን» የሚል ሻጭ ይገጥምዎታል። ጊዛ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል፤ አስቀድሞ መሞቅ፣ የኒኬል ኤሌክትሮድ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ ይፈልጋል። የኢሜል መላላጥና ቀላል ዝገት አያሳስብም። በበሩ ዙሪያ ነጭ ወይም ግራጫ ገመድ ካለ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል በደረቁ አይፋቁት፤ በውሃ አርሰው ሳይበጣጠስ ያውጡት፣ በላስቲክ ጠቅልለው ይቅበሩት።

ከእሳቱ ክፍል ጀርባ የውሃ ጋን ያለው ምድጃ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከቧንቧ ጋር ካልተያያዘ አፎቹን በቡሽ አይድፈኑ። የታፈነ እንፋሎት ጋኑን ያፈነዳል፤ ሰው የሚገድል አደጋ ነው። ባዶውን የጋለ ጋን ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይሙሉ። ካልተጠቀሙበት ጋኑን አስወጥተው ቦታውን በሸክላ ጡብ መሙላት ይሻላል።

ለማጓጓዝ ላይኛው ሰሌዳ፣ በሮቹ፣ ፍርግርጉና የአመድ መሳቢያው ይወልቁ። የዛገ ብሎን በመዶሻ አይመታ፤ በጋዝ ነበልባል ይሙቅና ዘይት ጠጥቶ ያድራል። ሲገጠም መጋጠሚያው በእሳት ሲሚንቶ ይመረጋል። እሱ ከሌለ የተነፋ አመድና ጨው እኩል በእኩል በውሃ ታሽቶ ይሠራል፤ በየዓመቱ ግን መታደስ አለበት። ተራ ሲሚንቶ በእሳት ዱቄት ይሆናል።

አሁን ቱቦው። ስፋቱ ከምድጃው አንገት አይጥበብ፤ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥቁር ላሜራ ይሁን። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከምድጃው አጠገብ ሲግል ዚንኩ ይቃጠልና የሚመርዝ ጢስ ያወጣል። ቱቦ ለቱቦ ሲገጣጠም የላይኛው በታችኛው ውስጥ ይግባ፤ ጢሱ ቀዝቅዞ የሚያወርደው ቅጥራን በውስጥ ወደ እሳቱ ይወርዳል። ተገላቢጦሽ ከተገጠመ በውጭ ይንጠባጠባል፣ ሽታውም አይለቅም። በየመጋጠሚያው ሦስት ብሎን ይግባ። ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ) ከሁለት አይብለጥ። ሽፋን የሌለው ነጠላ ቱቦ ከማንኛውም እንጨት 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

ጣሪያውን የሚያልፈው ክፍል ግን ድርብ መሆን አለበት። ውስጠኛው 15፣ ውጭኛው 30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ መካከሉ እሳት በማይበላው የድንጋይ ሱፍ ይሞላ። ከውጭኛው ቱቦ እስከ እንጨቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይቆይ፤ ማገሩ ከቀረበ ተቆርጦ ጫፉ ከጎን ሞራሌ ጋር ይታሰር። ለዝናቡ ደግሞ የላሜራ አንገትጌ ይሠራል፦ የላይኛው ጠርዝ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር፣ የታችኛው ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ። ይህ ከተገለበጠ ሐምሌ ላይ ያፈሳል።

ቱቦው ከጣሪያው ከወጣበት 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ከምድጃው እስከ ጫፉ በቆላ 4.5 ሜትር ይበቃል ይባላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱቦው ጢሱን ወደ ላይ የሚስብበት ኃይልም ይደክማል፣ ስለዚህ አንድ ሜትር ያህል ይጨመር። እንደ ጣርማ በር ባለ ነፋሻ ቦታ ከጣሪያ በላይ ከ1.5 ሜትር የሚረዝመው በሦስት ሽቦ ይወጠር። ቆቡ ከቱቦው አፍ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከቀረበ ጢሱን ይመልሳል።

ከመጀመሪያው እሳት በፊት ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀባል። ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ አይጣል፤ በራሱ ግሎ ይቀጣጠላል። ዘርግተው ደጅ ያድርቁት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እሳቶች ትንንሽ ይሁኑ፣ በየመካከሉም ምድጃው ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ቆይቶ የቆመ ጊዛ እርጥበት ስላለበት በአንድ ጊዜ ከነደደበት ይሰነጠቃል።

ሲለኮስ የጭሱ መዝጊያ ይከፈትና ጢሱ በቀጥታ ወደ ቱቦው ይሂድ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ሲዘጋ ጢሱ ኦቭኑን ዞሮ ይወጣል። በኅዳር ውርጭ ጠዋት ጢስ ወደ ቤት ከተመለሰ ቱቦው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ተኝቷል ማለት ነው፤ በቱቦው የጽዳት በር ወረቀት ቢያነዱ ይከፈታል። ዳቦው ከላይ አርሮ ከታች ሊጥ ከሆነ ከኦቭኑ ሥር ያለው መንገድ በጥላሸት ታፍኗል፤ በትንሿ በር ይጠረግ።

ማገዶው ባሕር ዛፍ ከሆነ በጥቅምት ተፈልጦ እስከ ግንቦት ይድረቅ። እርጥቡ ቱቦውን በቅጥራን ይለብጠዋል፤ ያ ነው ኋላ ቱቦው ውስጥ የሚነደው። ኩበት ይሠራል፣ ግን አመዱ ብዙ ነው፦ አመዱ ፍርግርጉን ከነካ ከሥር አየር አጥቶ ፍርግርጉ ይጎብጣል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይውጣ። ኩበት አዳፍኖ በር ዘግቶ ማደርም ይቅር፤ ከሰል እንደሚገድል እሱም ይገድላል። ከወለል አጠገብ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአየር ቀዳዳ ይኑር።

ምጣዱን ግን ከቦታው አያንሱ። 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ምጣድ በዚህ ሰሌዳ ላይ እኩል አይሞቅም፤ መካከሉ ዐይን ሲያወጣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። የጊዛው ምድጃ ለወጥ፣ ለዳቦ፣ ለሞቀ ውሃና ለብርዱ ነው። ውሃ በደብረ ብርሃን በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና አተር ከቆላው ይልቅ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ለዚያ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ያለው የሰሌዳው ጥግ ምቹ ነው።