ምክንያቱ ያልታወቀ የላይኛው ጀርባ ሕመም ለሐኪም የሚታየው መቼ ነው?

ከማጅራት በታች፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል የሚሰማ ሕመም ብዙ ጊዜ «ብርድ ነው» ይባልና በቅባት ታሽቶ እስኪለቅ ይጠበቃል። አብዛኛው ከጡንቻ የሚመጣ ስለሆነ በእርግጥም ይለቃል። ይሁን እንጂ ይህ የአከርካሪ ክፍል ከጎድን አጥንቶች ጋር ተያይዞ የቆመና እንደ ወገብ ብዙ የማይንቀሳቀስ በመሆኑ፣ ሸክም ሳያነሱ፣ ሳይወድቁና ብዙ ሳያጎነብሱ የመጣ ሕመም በቸልታ ሊታለፍ አይገባውም።

አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሕመሙ እንዴት እንደ ጀመረ ነው። በድንገት፣ የሚቀድ ያህል ከብዶ የጀመረ ሕመም ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ መሰንጠቁን ሊያመለክት ይችላል፤ ይህ አደጋ ደም ግፊት ያለባቸውን ሰዎች ይበልጥ ያሰጋል። ደረትን መጫን፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም ማቅለሽለሽ ከታከለበት ደግሞ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ሕመሙን ያመጣው ነገር በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ አውታር እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ስሙ ሳንባን ቢጠራም ያለ ምንም ሳል ሊመጣ ይችላል፤ ሕመሙ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየባሰ ይሄዳል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል፣ አንዳንዴም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ይከተለዋል። ሲቆይ አጥንቱ ተሰብሮ ጀርባ ላይ ጉብታ ያወጣል፣ እግርንም ሊያሽመደምድ ይችላል። በመድኃኒት የሚድን በሽታ ሆኖ ሳለ፣ በወገሻ እጅ ሲታሽ ጊዜው የሚያልፍበት ሰው መኖሩ ያሳዝናል። የተዳከመ አጥንት በኃይል ሲጫኑት ይበልጥ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጀርባን ማሳሸት አይመከርም።

ቀደም ሲል ካንሰር የታከመ፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት፣ ለረጅም ጊዜ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰደ፣ እንዲሁም በዕድሜ የገፋና በትንሹ አዳልጦት የወደቀ ሰው ሕመሙ ቀላል ቢመስለውም ቶሎ ይመርመር። ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ በቀኝ ትከሻ ሥር የሚነሳ ሕመም ከሐሞት ጠጠር ሊመጣ ስለሚችል እሱም መታየት አለበት።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከሌለ፣ ከባድ ሥራ ትቶ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ እያደረጉ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ ይቻላል፤ ካልተሻለ ወይም ከባሰ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ከእንቅልፍ ያነቃ እንደሆነ፣ በቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ኖሮ እንደሆነ፣ የወሰዱትን ማስታገሻና ታሽተው ከሆነም ያንኑ ሳይደብቁ ይንገሩት።